እማማ አይጥ

ስሙን ያወጣላት የምርምር ተቋሙ ጥበቃ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትደርስና ቦርሳዋን ለፍተሻ ስትከፍት፣ ከምሳ ዕቃዋ ጎን የሱፍ ፍሬ የተቋጠረበት ላስቲክ ያያል። «ይሄስ ለማን ነው?» ቢላት «ለልጆቼ» አለችው። ልጆቿ ምድር ቤት ውስጥ በፕላስቲክ ሳጥን የሚኖሩ ነጫጭ አይጦች ነበሩ። ያን ጊዜ ሠላሳ እንኳ አልሞላትም። ሰውየው ግን «እማማ አይጥ» አላት፤ ስሙም እንደ መዥገር ተጣበቀባት። ዶክትሬቷን ስትይዝ የተቋሙ ሰዎች «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶክተር እማማ አይጥ» ብለው ኬክ ቆረሱላት።

የተያዘችበት ጥያቄ ለልጅ ቢነገር የሚገባ ነው። በደማችን ውስጥ ያሉት ነጫጭ ሴሎች ከውጭ የገባ ጀርም ካገኙ አሳደው ይገድላሉ። ታዲያ ካንሰር ዓይናቸው ሥር ሲያድግ፣ ሲዋለድ፣ ባለቤቱን ሊጨርስ ሲደርስ ስለምን ዝም ብለው ያያሉ? ይህን ለድሮ መምህሯ ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።

«ካንሰር እኮ የገዛ ሥጋችን ነው። የግቢ ውሻ የቤቱን ልጅ አይነክስም» አላት።

«የቤቱ ልጅ ቤቱን ሲያቃጥልስ?»

«ያኔም ቤቱ ይቃጠላል እንጂ ውሻው ልጁን አይነካም። ሌላ ርዕስ ፈልጊ።»

አልፈለገችም። ከበሽተኛው ደም ነጭ ሴሎቹን ማውጣት፣ የካንሰሩን መልክ የሚለዩበት ምልክት መትከል፣ ማራባት፣ መልሶ በደም ሥር ማስገባት፤ ሐሳቧ ይኸው ነበር። ለመናገር እንዲህ ቀላል ነው፤ ለመሥራት ግን ወጣትነቷን በላባት። ሴሎቹ ምክንያት ሳይኖራቸው ይሞታሉ። አንዳንዴ መብራት ይጠፋና የወራት ሥራ እንደ ሾርባ ገምቶ ይጠብቃታል። የሥራ ባልደረቦቿ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ በሻይ ሰዓት ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቅና ወደ ምድር ቤቷ ትወርዳለች።

አንድ ጠዋት ግን አንዷን አይጥ አንስታ ጎኗን በጣቷ ስትዳብስ፣ እንደ ባቄላ ያበጠው ዕጢ የለም። ሁለተኛዋን አነሳች፤ የለም። ሦስተኛዋንም አየች። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ያ ጥበቃ ብቻ ነው።

«ዳኑ!» አለችው።

«እነማን?»

«ልጆቼ!»

«እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን» አላት፣ ምንም ሳይስቅ።

ባሏ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም በምንም ሳሙና የማይለቅ፣ ዝም ማለት የሚወድ ሰው። እናቱ እነሱ ቤት ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ያሸቱ ነበር። «አንዱ ቀለም ቀለም፣ አንዷ አይጥ አይጥ! ልጅ ብትወልዱ ምን ሊሸት ነው?» ይላሉ። ልጅ አልመጣም። እሳቸውም ነገሩ እንደማይሆን ሲገባቸው ቀልዱን ተዉት፤ ምራታቸውን «ልጄ» ማለትን ግን አልተዉም።

ያን ቤት ሞቅ የምታደርገው የባሏ ታናሽ እህት ነበረች። ቤተሰቡ «ትንሿ» ይላታል። ሠላሳዎቹን አጋምሳም ትንሿ ናት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሁለት መስታወትና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላት ጠባብ ቤት ተከራይታ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬና ፀጉር ታበጥራለች። ሙያውን ስትማር የተለማመደችው በወንድሟ ሚስት ጭንቅላት ላይ ነው፤ እማማ አይጥ ስንት ሳምንት በተቃጠለ ፀጉር ተቋሙ ገብታለች። «እትዬ፣ አይጦችሽ ሲያዩሽ አይሸሹም?» ትላታለች ትንሿ፣ ማበጠሪያውን አፏ ላይ እንደያዘች።

ሥራው ከአይጥ ወደ ሰው ሲሻገር ምድር ቤቱ ጠበበ። ከተቋሙ ጋር የሚሠራው ሆስፒታል ሁለት ክፍል ሰጣቸው፤ የካንሰር ክፍሉ ዋና ሐኪምም የጥናቱ መሪ ሆነ። የመጀመሪያው በሽተኛ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ የደም ካንሰር ይዞት የኬሞ ሕክምናው ሁሉ አልሆን ብሎ፣ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡለት። ሴሎቹን በደም ሥሩ ሰጡት። ጥቂት አተኮሰው፤ ከዚያ ምግብ ጠየቀ፤ ወሩ ሳያልቅ የደም ምርመራው ንጹሕ ሆነ። ሲወጣ እማማ አይጥን አቅፎ ከመሬት አነሳት። ዋና ሐኪሙ ከሾፌሩ ጋር ፎቶ ተነሣ። እሷም ከፎቶው ጫፍ ላይ በግማሽ ፊቷ ትታያለች።

በዚያው ዓመት ትንሿ ድድዋ መድማት ጀመረ። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ምልክት ሲወጣ ካስኩ መትቶኝ ነው አለች። ስትመረመር ያው የሾፌሩ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ኬሞው ፀጉሯን ሲያረግፈው መስታወቷ ፊት ቁጭ ብላ «የሰው ፀጉር ሳሳምር ኖሬ የራሴን ነጠቃችሁኝ፤ ይሁን፣ የካስክ መብራት ወጪ ይቀንስልኛል» አለች። በሽታው ግን አልቀነሰም። ሄደ ሲሉት ይመለሳል። በመጨረሻ ሐኪሟ ለቤተሰቡ፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሟት ዓይነት ነገር ተናገረ።

የእማማ አይጥ አማት በማግስቱ ሳይነግሯት ላብራቶሪው ድረስ መጡ። በፍሪዘሮቹ መሐል የፕላስቲክ ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ማሽኖቹ ያንጎራጉራሉ።

«ልጄ» አሏት፣ «ያንን ሾፌር ያዳንሽበት ነገር እዚህ ነው ያለው?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ለባዳ ሆኖ ለኛ ሲሆን ነው እንዴ የሚያልቅብሽ?»

«እንደሱ አይደለም። ገና ሙከራ ላይ ነው። የዳነው እኮ አንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛዋ በሽተኛ አልተሻላትም። ደግሞም የራስን ዘመድ ማከም...»

«አንቺን ያመጣልን ለዚህ ቀን ነው» አሉና እጇን ያዙ። «ብቻ አይዞዎት በይኝ።»

«አይዞዎት» አለቻቸው።

ጥናቱን የሚቆጣጠረው የሆስፒታሉ ኮሚቴ፣ ዘመድ ናትና ውሳኔው በዋና ሐኪሙ እጅ ይሁን እንጂ አንቺ ሴሎቹን ማዘጋጀት ትችያለሽ ብሎ ፈቀደ። እንደዚያ ወቅት ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። የትንሿ ሴሎች ጎበዝ ሆነው ወጡ፤ ከሾፌሩም ይልቅ ጎበዞች ነበሩ። በማይክሮስኮፑ ሥር ካንሰሩ ላይ ሲሰፍሩ እያየች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። መስጠቱ ከሻይ መፍያ ጊዜ አልበለጠም። «ይቺው ናት?» አለች ትንሿ ትንሽዬዋን ከረጢት እያየች። «እኔ ካስክ የሚያህል ነገር ትሰኩብኛላችሁ ብዬ ስፈራ!»

ትኩሳቱ የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ሾፌሩን እንዳገኘው ዓይነት ግን አልነበረም። እንደ ምድጃ ነደደች። ግፊቷ መውረድ፣ ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ዋና ሐኪሙ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ ደረበ። እማማ አይጥ ደሟን ወስዳ የሴሎቹን ጩኸት ለካች፤ ሴሎቹ ሲዋጉ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት፣ ወደ ደም የሚለቁት ንጥረ ነገር አለ። ከመካከላቸው የአንዱ ቁጥር ከልክ አልፎ ማሽኑ የማያነበው ቦታ ደርሶ ነበር።

«ኢንፌክሽን አይደለም» አለች ኮሪደሩ ላይ። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «የኛው ሴሎች ናቸው። ካንሰሩን አግኝተውት እየገደሉት ነው፤ ትኩሳቱ የነሱ ነው።»

«ስለዚህ?» አለ ዋና ሐኪሙ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያስ ስቴሮይድ ልስጣት። ሁሉንም ያበርደዋል።»

«ስቴሮይድ ከሰጠናት ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ካንሰሩም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም የለንም።» ወደ ክፍሉ በር አየች። «እስከ ነገ እንጠብቅ። እስከ ነገ ብቻ።»

ዋና ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። የነብር ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም ይባላል። እሷ ይዛለች።

ጠዋት ትንሿ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበረች። ያን ጊዜ ስቴሮይዱ ተሰጠ፤ ግን ኩላሊቷም ሳንባዋም አልሰማ ብለው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተች። አማቷ ኮሪደሩ ላይ አልጮኹም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የልጃቸውን ነጠላ ጫማ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ማንም ሊያነሣቸው አልቻለም።

የምርመራው ውጤት ከቀብሩ በኋላ መጣ። ከመቅኔዋ የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ነበር። አንድም የካንሰር ሴል፣ አንድም፣ አልተገኘም። እማማ አይጥ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ደጋግማ አየች። ሃያ ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ነገር ይኸው ዓይኗ ሥር ነው፤ የመቅኔው ባለቤት ግን አፈር ለብሳለች። ለማን ይነገራል? በመጨረሻ ለባሏ ነገረችው፤ እሱ ኩሽና ቆሞ ብርጭቆ ሲያጥብ።

«ካንሰሩ ጠፍቶ ነበር» አለችው።

ብርጭቆውን አጠበ፣ አለቀለቀ፣ ደፋው።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? እንኳን ደስ ያለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዋ ጠይቋት አያውቅም። አልፈታትም፤ አልሰደባትም። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ አብረው ባልዲ ደቀኑ። ኮሪደሩ ላይ «እስከ ነገ» ስትል ሰምቷታል፤ እሷም እንደሰማት ታውቃለች። ሁለቱም ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት፤ ሆድም ፈጀው። አማቷ ደግሞ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፤ «ልጄ» ማለት ግን ቀረ። «ዶክተር» ሆነች። «ዶክተር፣ ስኳሩን አቀብዪኝ።» በር ላይ ቆመው ማሽተቱንም ተዉት።

ጥናቱ ተዘጋ። ኮሚቴው ፊት ዋና ሐኪሙ «እኔ ስቴሮይድ ልስጥ ብዬ ነበር» አለ፤ ውሸት አልነበረም። ከዚያ «ከመጀመሪያውም ቅሬታ ነበረኝ» ሲል ግን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ አላያትም። አይጦቹ እንዲወገዱ ታዘዘ። የሚያስወግድ ሰው እንልክልሻለን አሏት፤ እምቢ ብላ ራሷ አደረገችው፤ አንድ በአንድ፣ በጓንት፣ እንደ ደንቡ። ምድር ቤቱ የወረቀት መጋዘን ሆነ። እሷን ኮሌጅ ወስደው ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባዮሎጂ እንድታስተምር መደቧት። ስለ ነጭ የደም ሴል የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ምዕራፍ አስተምራ ታልፈዋለች።

ዓመታት አለፉ። በአንድ የዕረፍት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ድሮ ላብራቶሪዋ ውስጥ ብልቃጥ ሲያጥብ የነበረ፣ ኋላ ወደ ሌላ ከተማ ትልቅ ተቋም የሄደ ተማሪዋ ነው፤ ቀጮው ይሉት ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«መምህር፣ አንዲት ልጅ አዳንን። እንደዚያች እንደ... እንደዚያ ነው የነደደችብን። እርስዎ የለኩት ቁጥር ትዝ አለኝ። ያንን አንዱን ነገር ብቻ የሚያፍን መድኃኒት ሰጠናት። በሰዓታት ውስጥ በረደላት። ሴሎቹም አልሞቱም! ካንሰሩም ሄደ!»

ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ደስታ ነበር፤ እውነተኛ ደስታ። ከዚያ አንድ ነገር መጣባት።

«መድኃኒቱ አዲስ ነው? እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?»

«እ... መምህር...» አለ ቀጮው።

«ንገረኝ እንጂ።»

«አይደለም መምህር። ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጥ ነው። ድሮም የነበረ ነው።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የካንሰር ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ የመገጣጠሚያ ክሊኒኩ አንደኛ። ፋርማሲስቷን ጠየቀቻት። «አዎ፣ አለን» አለች ሴትዮዋ ማቀዝቀዣውን ከፍታ እያሳየቻት። «እኔ ስቀጠር ጀምሮ ያለ ነው። ለእርስዎ ነው? ጉልበትዎን ያምዎታል?» እማማ አይጥ ትንሿን ብልቃጥ በፋርማሲው መስኮት መስታወት በኩል አየቻት። ያን ቀን አንድ ፎቅ ወርዶ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሚጠየቀው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። «አይ፣ ጉልበቴ ደኅና ነው» አለችና ወጣች።

ሕክምናው ብዙ ሳይቆይ በየቦታው ተሰማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዋና ሐኪሙ በሬዲዮ ቀርቦ «እኛ ከጀማሪዎቹ መካከል ነበርን» አለ። አማቷ ይህን ሰሙት። ልጃቸውን ልከው አስጠሯት። ስትገባ ሬዲዮው ተዘግቷል፤ እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ያ ትኩሳት አሁን መድኃኒት አለው አሉ።»

«አዎ፣ አለው።»

«ያኔ አልነበረም አይደል?»

ባሏ በሩ ላይ ቆሟል። «አልነበረም» ብትል ማንም አይከሳትም ነበር። አሮጊቷም ያንን ቃል ይዘው በሰላም ይተኙ ነበር።

«ነበር እማማ። ለሌላ በሽታ የሚሰጥ ነበር። ለዚህ እንደሚሆን ያወቀ ሰው አልነበረም። እኔም አላወቅሁም።»

«የት ነበር?»

«እዚያው ሆስፒታል። አንድ ፎቅ ከታች።»

አማቷ መዳፋቸውን አዩ።

«ባታውቂ ነው» አሉ። «እሺ። ሰው ሁሉን አያውቅም። እኔ ግን ላብራቶሪሽ መጥቼ እጅሽን ስይዝ፣ እንደማታውቂ አልነገርሽኝም። አይዞዎት ነው ያልሽኝ።»

«እርስዎ ነዎት እንደዚያ በይ ያሉኝ...»

«እኔማ እናት ነኝ። የምሰማውን አላውቅም። አንቺ ግን ዶክተር ነሽ።»

ባሏ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ «ለምን ነገርሻቸው?» ብቻ አላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለእሷ የተናገረው ረጅሙ ነገር ይሄ ነበር። አማቷ ዳግመኛ እነሱ ቤት አልመጡም። ልጃቸው ብቻውን እየሄደ ይጠይቃቸዋል።

ሆስፒታሉ ሕክምናውን እንደገና ሲጀምር ልምድ ያለው ሰው ፈልጎ ጠራት። ዋና ሐኪሙ ራሱ ደወለ፤ ያለፈው አልፏል አላት። ሥራዋ ከበሽተኛው ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ማስረዳትና ማስፈረም ነበር። ትንሽ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ የመሐረብ ካርቶን። ሐኪሞቹ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ትነግራቸዋለች። ትኩሳቱን ትነግራቸዋለች፤ መድኃኒቱን ትነግራቸዋለች፤ መድኃኒቱም የማይመልሰው ሰው እንዳለ ትነግራቸዋለች። አብዛኞቹ ይፈርማሉ።

አንዲት ነጋዴ ሴት ወንድ ልጇን ይዛ መጣች፤ ገና ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ ልጅ። ሁሉን ሰምታ ሲያበቃ እስኪብርቶውን እንደያዘች ጠየቀቻት።

«ዶክተር፣ ለራስዎ ሰው ቢሆን ያደርጉት ነበር?»

«አድርጌዋለሁ። ለባሌ እህት።»

«ዳነች?»

«ከካንሰሩ ድናለች።»

የሴትየዋ ፊት እንደ ፋኖስ በራ። «እንግዲያስ ምን እጠብቃለሁ!» ብላ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። እማማ አይጥ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ቆይ እህቴ። አልጨረስኩም። ከካንሰሩ ድናለች፤ በሕክምናው ግን ሞታለች። ዛሬ እንደዚያ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ግን አለ።»

ሴትየዋ እስኪብርቶውን አስቀመጠች። እማማ አይጥ የቀረውን ሁሉ ነገረቻት፤ ብዙዎች እንደሚድኑ፣ ያለ ሕክምናው ልጁ ሩቅ እንደማይሄድ፣ እሷ ብትሆን ዛሬም እንደምታደርገው። ሴትየዋ አልሰማችም። «ሞታለች» የሚለው ቃል ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። ልጁን ክንዱን ይዛ ወጣች። ልጁ እናቱ ሳታየው ዞር ብሎ እማማ አይጥን አያት፤ አንድ ነገር ሊጠይቃት የፈለገ ይመስላል።

እማማ አይጥ ለሴትየዋ ሁለት ጊዜ ደወለችላት። በሦስተኛው ስልኩን ያነሣችው ጎረቤት ነበረች፤ ልጁ ቤቱ ማረፉን የነገረቻትም እሷ ናት።

ዋና ሐኪሙ ቢሮው ጠራት። «ድሮ ሳትናገሪ ሰው ሞተ። አሁን ተናግረሽ ሰው ሞተ» አላት። «አንቺን ምን እናድርግሽ?» ትንሿን ክፍል ለአንድ ለስላሳ አፍ ላለው ወጣት ሐኪም ሰጡት። እሱ ቤተሰቡን «አይዟችሁ» ይላቸዋል፤ ሰውም ይፈርምለታል፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። ይህን ልትክድ አትችልም፤ የሚድኑት በሽተኞች ከእሷ ዘመን ይልቅ በእሱ ዘመን ይበዛሉ።

እሷ ወደ ኮሌጁ ተመለሰች። አንዳንድ ቀን በትንሿ ፀጉር ቤት በኩል ታልፋለች፤ አሁን የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ያቺ ነጋዴ በዚያው ሰፈር ትሠራለች፤ ሲተያዩ ሴትየዋ መንገድ ትሻገራለች። እማማ አይጥ አትከተላትም። ምን እንደምትላት አታውቅም፤ ይቅርታ ብትል፣ እውነት ስለ ተናገርኩ ልትል ነው? ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ ትሄዳለች፤ የከሰዓት ክፍሏ ይጠብቃታል።